ጥርብ እንጨት፣ ጥርብ ድንጋይ

«ጠረበ» የሚለው ግሥ ለእንጨትም ለድንጋይም ያገለግላል፤ መጥረቢያም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ካልጋሪ በሁለቱም አልፋለች።

እ.ኤ.አ. በ1875 የሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስ ቦውና ኤልቦ ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ከግንድ ምሽግ አቆመ። አዛዡ ኤፍሬም ብሪዝቧ ምሽጉን በራሱ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር። (ስሙ በፈረንሳይኛ «እንጨት ሰባሪ» እንደ ማለት ነው፤ ባይሳካለትም ያምርበት ነበር።) በዓመቱ ካልጋሪ ተባለ።

በዚያ ዘመን ክብ ግንድ ለጥ ያለ ገጽ የሚያገኘው በአንድ ጎኑ ብቻ በተሳለ መጥረቢያ ነው። ልሙጡ ጎን ግንዱን ተጠግቶ ይወርዳል፤ ስቶ እሱንም የሳለ ሰው መጥረቢያውን አበላሸው፣ ስለቱ ከእንጨቱ እየሸሸ ያስቸግረዋል። ስለዚህ ድንጋዩን የሚነካው ያዘመመው ጎን ብቻ ነው። መሳያው የሚሽከረከር አሸዋ ድንጋይ ሲሆን ውሃ አይለየውም። ደርቆ ከተሳለ ብረቱ ይግላል፤ የጋለ ስለት ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፣ ቶሎም ይዶለዱማል።

በኖቬምበር 1886 እሳት ከእንጨቷ ከተማ 14 ሕንፃ በላ። ከዚያ ወዲህ ግንበኞች ፊታቸውን ወደ አካባቢው አሸዋ ድንጋይ አዞሩ፤ መጥረቢያ ሲስል የኖረው የድንጋይ ዘር ግድግዳ ሆነ። በ1911 የተከፈተው የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ዛሬም በዚሁ ጥርብ ድንጋይ እንደ ቆመ ነው።