ቅል ወይስ ሐረግ? የለመደ ጆሮ እና የጄሮም ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ403 የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ በቤተ ልሔም ለሚኖረው ለጄሮም በጻፈው ደብዳቤ ደስ የማያሰኝ ወሬ ያደርሰዋል። ኦያ በተባለች ከተማ (በዛሬዋ ትሪፖሊ፣ ሊቢያ) አንድ ጳጳስ ትንቢተ ዮናስ በጄሮም አዲስ የላቲን ትርጉም እንዲነበብ ያደርጋል። ንባቡ ዮናስ 4፥6 ላይ ሲደርስ ጉባኤው ታወከ። ምእመናኑ ለነቢዩ ጥላ የሆነው ቅል መሆኑን ከአያት ከቅድመ አያት ሲሰሙ ኖረዋል፤ የዚያን ቀን የሰሙት ግን ሐረግ ነው። ይበልጥ የጮኹት ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ነበሩ። ጳጳሱ የከተማዋን አይሁድ ጠየቀ፤ እነርሱም ዕብራይስጡ ከቀድሞው ንባብ ጋር ይስማማል አሉት። በመጨረሻም ያለ መንጋ እንዳይቀር ሰግቶ ቃሉን እንደ ስሕተት አረመው።

ጄሮም በመልሱ አልተለሳለሰም። ዕብራይስጡ ቂቃዮን የሚለው ተክል ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ያለ ድጋፍ በግንዱ የሚቆም ነው ይላል። (ገለጻው ከእኛ ጉሎ ጋር ይገጥማል።) የዕብራይስጡን ስም እንዳለ ቢያስቀምጠው ማንም አይረዳውም፤ ቅል ቢል በዕብራይስጡ የሌለ መናገር ይሆንበታል፤ ስለዚህ አቂላንና ሌሎችን ተርጓሚዎች ተከትሎ ሐረግ አለ። እንግዲህ በራሱ በጄሮም ገለጻ ብንሄድ ቅሉም ሐረጉም ትክክለኛው ተክል አይደሉም። ሕዝቡ የተሟገተው ለዕብራይስጡ ሳይሆን ለለመደው ድምፅ ነበር።

ሆኖም በኦያ ምእመናን መሳቅ አይገባንም። አብዛኛው ሰው ማንበብ በማይችልበት ዘመን ዮናስን የተማሩት በመስማት ነው። አውግስጢኖስም ቃሉ በሁሉም ዘንድ በስሜትና በትዝታ ሥር የሰደደ፣ በትውልዶች የተዜመ እንደ ነበር ጽፏል። ያስተማራቸው ድግግሞሽ ራሱ እልኸኛ አደረጋቸው።

ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የለሽ ቃላትንና ቻይንኛ መሳይ ምልክቶችን ለሰዎች በተለያየ መጠን ደጋግሞ አሳየ። አዘውትረው የታዩት መልካም ትርጉም ያላቸው መስለው ተገመቱ። ስለ ምልክቶቹ ያስተማረ ወይም ያመሰገነ ሰው አልነበረም፤ መደጋገሙ ብቻውን በቂ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስገርማል። ያ የተጮኸበት ትርጉም ቩልጌት ተብሎ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ሲነበብ ኖሮ ራሱ የማይነካ ሆነ። ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1516 የግሪክ አዲስ ኪዳንን ከራሱ የላቲን ትርጉም ጋር ሲያሳትም ቩልጌትን ለወጠ ተብሎ ተወቀሰ፤ በ1546 ደግሞ የትሬንት ጉባኤ ቩልጌትን ሕጋዊ ንባብ አድርጎ አጸደቀ።

በእኛም አብያተ ክርስቲያናት የ1954ቱ ትርጉም በአዲሱ መደበኛ ትርጉም ሲተካ ቅር የሚላቸው አሉ። መጋቢው ከዚያ ቅሬታ ውስጥ ሁለት ነገር መለየት ይኖርበታል፤ አንዱ ስለ ትርጉሙ ትክክለኛነት የሚነሣ ጥያቄ ነው፣ እርሱ በቋንቋ ጥናት ይመለሳል። ሌላው በቃል ያጠኑትን ጥቅስ የማጣት ሐዘን ነው፤ ይህኛው በግሪክኛ ሰዋስው አይጽናናም። የኦያው ጳጳስ አዲሱን ንባብ ከማስነበቡ በፊት ለሕዝቡ ስለ መናገሩ በአውግስጢኖስ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቃል የለም።