ዲያሎ፣ ጃሎው፣ ጃሎህ፦ አንድ ስም፣ ብዙ አጻጻፍ

የማንችስተር ዩናይትዱን አማድ ዲያሎ ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። የሴራሊዮኑን ምክትል ፕሬዚዳንት መሐመድ ጁልዴህ ጃሎህን ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። የሚገርመው ታዲያ የሁለቱ የቤተሰብ ስም አንድ ነው። እንዴት? እንየው።

🔹 ስሙ የማን ነው?

ዲያሎ መነሻው የፉላኒ ሕዝብ ነው። ፉላኒዎች ከሴኔጋል አንስቶ እስከ ሱዳን ድረስ ተሰራጭተው ይኖራሉ፤ በከብት እርባታ ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። በምዕራብ በኩል ያሉት አራት ትልልቅ የቤተሰብ ስሞች አሏቸው፦ ዲያሎ፣ ባህ፣ ሶው እና ባሪ። በአፈ ታሪካቸው አራቱ ስሞች ከአራት ቀደምት አባቶች የወረዱ ናቸው።

እኛ ጋ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። እዚያ ግን ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ ይወርዳል። ሴቷም ብታገባ በባህሉ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ሌላም ነገር አለ፦ በተወሰኑ ስሞች መካከል የቆየ የቀልድ ዝምድና ስላለ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ስማቸውን እንደተነጋገሩ መሰዳደብ ሊጀምሩ ይችላሉ። ማንም አይቀየምም!

🔹 አጻጻፉ ለምን ተለያየ?

ድምፁ «ጃሎ» ነው። የለያየው ቅኝ ግዛት ነው። ፈረንሳይ በያዘቻቸው ጊኒ፣ ሴኔጋልና ማሊ «ዲያሎ» ተብሎ ተጻፈ። እንግሊዝ በያዘቻት ጋምቢያ «ጃሎው»፣ በሴራሊዮን ደግሞ «ጃሎህ» ሆነ። ፖርቹጋል በያዘቻት ጊኒ ቢሳው በ«ዲ» እና በ«ጄ» ይጀምራል፤ የፖርቹጋሉ ተከላካይ ቲያጎ ጃሎ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ስለዚህ አንዱ ወንድም ጋምቢያ፣ ሌላው ሴኔጋል ቢወለድ ፓስፖርታቸው ላይ የማይዛመዱ ሊመስሉ ይችላሉ።

ናይጄሪያ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ፉላኒ አለ፤ ዲያሎ ግን እምብዛም አይሰማም። እዚያ እንደኛው የአባት ስም፣ ወይም የትውልድ ከተማ ስም መጠቀም ይበዛል። በተቃራኒው በማሊ ዋሱሉ አካባቢ ዲያሎ ተብለው የፉላኒን ቋንቋ የማይናገሩ ብዙ ናቸው።

🔹 ስሙን የተሸከሙ ሦስት ሰዎች

አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ፦ የዛሬዋ ሴኔጋል ውስጥ ካለችው ቡንዱ የተነሳ የሃይማኖት ሊቅ ልጅ ነው። ራሱ ሁለት ባሪያዎች ሊሸጥ ወደ ጋምቢያ ወንዝ ወርዶ ሲመለስ ተማረከና ወደ ሜሪላንድ ተሸጠ። በዓረብኛ ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ነፃ አወጣው፤ በ1734 ወደ አፍሪካ ተመለሰ። እንግሊዞች «ኢዮብ የሰለሞን ልጅ» ብለው መዘገቡት። ዲያሎ የሚለው ቀረ።

ዲያሎ ቴሊ፦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ። ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባችን ውስጥ ሠርተዋል። በ1976 የሴኩ ቱሬ መንግሥት «የፉላኒ ሴራ» ብሎ አሰራቸው። በቀጣዩ ዓመት ካምፕ ቦይሮ እስር ቤት ውስጥ ምግብና ውሃ ተከልክለው ሞቱ።

አማዱ ዲያሎ፦ የ23 ዓመት ጊኒያዊ ስደተኛ። በየካቲት 1999 ኒውዮርክ፣ የቤቱ ደጃፍ ላይ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት። መሣሪያ አልነበረውም፤ የኪስ ቦርሳው ነበር። ፖሊሶቹ በፍርድ ቤት ነፃ ወጡ።

አንዱን ስሙ ተቆርጦ መዘገቡት፣ አንዱን በዘሩ አሰሩት፣ የአንዱን ስም ዓለም የሰማው ከሞተ በኋላ ነው። ስሙ ግን አሁንም ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ ነው።

እናንተስ፣ ውጭ አገር የአያታችሁ ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖባችሁ ያውቃል? አጻጻፉስ ከወንድም ከእህታችሁ ጋር ተለያይቶባችኋል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን 👇