መሪ የማይጨብጠው ሹፌር

እ.ኤ.አ. በ1925 በኒውዮርኩ ብሮድዌይ ጎዳና አንዲት መኪና ሹፌር ሳይኖርባት ስትሄድ ታየች። ሹፌሯ ግን ሩቅ አልነበረም፤ ከኋላዋ በምትከተል ሌላ መኪና ተቀምጦ በሬዲዮ ሞገድ ይመራት ነበር። ትርኢቱን ሊቀርጹ የወጡ ፎቶ አንሺዎችን ከጫነች መኪና ጋር ተላተመች።

ራሱን የሚነዳ መኪና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በካሜራና በኮምፒውተር እድገት ነው። ሰውየውን መከተል ግን የበለጠ ያስተምራል፤ መቶ ዓመት ሙሉ አያስፈልግም እየተባለ፣ ቦታ እየቀያየረ እዚያው የቆየውን ሰው።

በ1995 ሁለት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፒትስበርግ እስከ ሳንዲያጎ ከ4,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። ከመንገዱ 98 በመቶ ያህሉን መሪውን ያዞረው ኮምፒውተር ነው። ነዳጅ መስጫውና ፍሬኑ ግን በሰው እግር ሥር ነበሩ። በ2004 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ በሞሃቬ በረሃ ባዘጋጀው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ውድድር መኪኖቹ ባዷቸውን ተለቀቁ፤ ሰዎቹ የማቆሚያ ሪሞት ይዘው ከኋላ ተከተሉ። ከ15ቱ መኪኖች ብዙ የሄደው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዓመቱ ግን አምስት መኪኖች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ጨረሱ።

አስቸጋሪው ጥያቄ የመጣው መኪናው ሲጎብዝ ነው። ጎግል የሠራውን ራሱን የሚነዳ መኪና ሠራተኞቹ በአውራ ጎዳና እንዲሞክሩት ሲፈቅድ፣ በመኪናው ውስጥ ያለው ካሜራ ሰዎቹ ስልክ ሲነካኩ፣ ሲኳኳሉ፣ እንዲያውም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ሲያንቀላፉ አሳየ። ኩባንያው መኪናው ሲቸግረው ለሰው ያስረክብ የሚለውን ሐሳብ ተወው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ለሰዓታት ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ሰው በቅጽበት ነቅቶ ሕይወት ሊያድን አይችልም።

ሌሎች ግን በዚያው ሰው መተማመናቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2018 ምሽት፣ በአሪዞናዋ ቴምፔ ከተማ፣ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መሣሪያው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ሌላ ነገር እያለ ሲመድባት ግን ጊዜው አለቀ፤ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ የሚሻገር ሰው ይኖራል ተብሎ አልተሠራምና። የመኪናው አምራች ቮልቮ የገጠመለት የድንገተኛ ፍሬን በሙከራው ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጓል። ቀድሞ ሁለት ሰዎች ይቀመጡበት የነበረው መኪና ከወራት በፊት ለአንድ ሰው ብቻ ተትቷል፤ ያቺ አንዷ ተቆጣጣሪ ደግሞ ዓይኗ ከመንገዱ ላይ አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም። ተቆጣጣሪዋ ግን በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት። ጥፋት አልነበረባትም ማለት አይቻልም፤ ፍሬኑን ያስዘጋውና ሁለተኛውን ሰው ያስቀረው ውሳኔ ግን የእሷ አልነበረም።

ከ2020 ጀምሮ በፊኒክስ አካባቢ ማንኛውም ሰው ከጎግል ፕሮጀክት በወጣው ኩባንያ በዌይሞ ሹፌር አልባ ታክሲ መሳፈር ይችላል። ሰውየው አሁን ርቆ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል፤ መኪናው ግራ ሲገባው ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል። በ2024 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የዌይሞ መኪኖች በማቆሚያቸው እርስ በርስ ክላክስ እያደረጉ ጎረቤቱን በሌሊት ሲቀሰቅሱ፣ ያንን ለማስቆም የሚደርስ ሹፌር በአንዳቸውም ውስጥ አልነበረም፤ ሶፍትዌሩ መታረም ነበረበት።

በ2025 መስከረም ወር የሳን ብሩኖ ፖሊሶች በተከለከለ ቦታ የዞረ የዌይሞ መኪና አስቁመው ቅጣት የሚጽፉለት አጡ። የካሊፎርኒያ ሕግ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ፖሊስ የጥፋት ማስታወቂያውን ለኩባንያው እንዲሰጥ ይፈቅዳል።