ማርሚታ የሌለው ኤንትሬ

እኔ ልጅ ሳለሁ በደብረ ሲና ሰዓት የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ደወልና በዳገቱ ላይ በሚያቃስት ከባድ መኪና። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ወደ ጣርማበር የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ስለሆነ፣ መኪናው ገና በዓይን ሳይታይ ድምፁ ከገደል ገደል እየተላጋ ቀድሞት ይደርሳል። እናቴ ከእነዚያ ድምፆች ሁሉ አንዱን ለይታ ታውቀው ነበር። «መጣ» ትልና ድስቷን ትጥዳለች። ሽንኩርቱ ቁሌት ሆኖ ሳያበቃ አባቴ ከነኤንትሬው ደጃፋችን ላይ ይቆማል። አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም። ልትሳሳትም አትችልም ነበር፤ የአባቴ መኪና ማርሚታ አልነበረውም።

ኤንትሬ ብለን የምንጠራው ፊያት 682 ኤን 3ን ነው፤ «ትሬ» በጣልያንኛ ሦስት ማለት ነውና። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን እስከ 1988 ድረስ ዘልቆበታል። ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር በላይ የሚይዝ ሞተር፤ ተርቦ የለ፣ ኤሌክትሮኒክስ የለ። እንዲህ ያለው መኪና በሽቦና በመዶሻ እየተጠገነ ኖሯል። ጣልያን በወረራው ዘመን መንገዱን በጠመንጃ ጠርጎ፣ የጣርማበርን ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፈልፍሎ ሄደ፤ የጋራዡን ቋንቋ ግን ትቶልን ነው የሄደው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ናፍታ እያልን የምንጠራው ሁሉ የእርሱ ነው። ማርሚታም እንደዚያው። ካደግሁ በኋላ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ያገኘሁት ነገር ግን አስቆኛል፤ «ማርሚታ» በጣልያንኛ መጀመሪያ ትርጉሙ ትልቅ ድስት ነው። በመኪናው ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ቆርቆሮ ድስት ስለመሰላቸው ስሙን አወረሱት። እንግዲህ የአባቴ ድስት ስለጎደለ ነው የእናቴ ድስት በሰዓቱ ይጣድ የነበረው።

አንድ ሌላ ግጥምጥሞሽ አለ። ሩዶልፍ ዲዝል በአውግስበርግ ሞተሩን በይፋ አስፈትኖ የተሳካለት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1897 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት፣ ከአትላንቲክ ማዶ በኢንዲያና፣ ሪቭስ የተባሉ ወንድማማቾች የሞተር ድምፅ ማፈኛ ፈጠራቸውን አስመዘገቡ። አንዱ ጩኸቱን ሲወልድ ሌሎቹ ልጓሙን ይሠሩለት ነበር፤ አንዳቸው የሌላውን ሳያውቁ።

የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ለብቻው አፍኖ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያ ትኩሳት ላይ ናፍታ ሲረጭበት ያለ ጫሪ ይነድዳል። የጭሱ በር ሲከፈት ታዲያ ግፊቱ ያልበረደ ጭስ እንደ ተኩስ ይወጣል። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 1,800 ዙር ሲዞር በየሰከንዱ 90 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ማርሚታ ይህን ተኩስ በተበሳሱ ቱቦዎችና በጠባብ ክፍሎች ውስጥ ያዞረዋል፤ የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ጭሱ ግን መውጫውን አያጣም።

ሹፌሮቹ ማርሚታውን የሚያወልቁት «ሞተሩ ይታፈናል፣ ዳገት እምቢ ይላል» ብለው ነው። ፍጹም ሐሰት አይደለም። በጥቀርሻ የተደፈነ ማርሚታ ጉልበት ይበላል፤ ደኅናው ግን የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው። ጣርማበር ላይ ኤንትሬውን የሚያደክመው ሌላ ነበር። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአሰብ ይዞት የተነሣው ጉልበትም በዚያው ልክ ይጎድላል። ናፍታው ሙሉ በሙሉ ሳይነድድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የጎደለው አየር በመግቢያው በኩል ነው፤ ሰዉ የሚቆርጠው መውጫውን ነው። ሆኖም የሚጮኽ ነገር ብርቱ ይመስላል። አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ «ያለ ማርሚታ በአንድ ማርሽ ይበልጥ ነበር» ይላል።

በ1977 ዓ.ም. ክረምት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ አባቴ ይዞኝ ወረደ። የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ የሚጫንበት ጊዜ ነበር። በመልሱ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ከሞተ ኤንትሬ የተፈታ፣ ገና ያልበላ ማርሚታ ነበረውና በርካሽ ሊገጥምለት ጠየቀው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ እየሳቀ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። «እናቴ ታዲያ በምን ታውቃለች?» አልኩት። መካኒኩም ሳቀ። አባቴ ራሴን ዳበሰኝና ማርሚታውን ትተን ወጣን። በማግስቱ በጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስናልፍ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚያ ጨለማ ድምፁ ከፊትም ከኋላም እየተመለሰ ጥርሴን ሲያንቀጠቅጠው፣ ከደስታ ብዛት እጮኽ ነበር። የራሴን ጩኸት አልሰማሁትም።

ስለ መጀመሪያው መትረየስ ፈጣሪ ስለ ሃይረም ማክሲም ያነበብሁት ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1884 ሠርቶ ዓለምን ሲያዞርና እያስተኮሰ ሲያሳይ ኖሮ፣ በስተርጅናው ደነቆረ። ልጁ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም መሐንዲስ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለጠመንጃ የድምፅ ማፈኛ አስመዘገበ፤ ኩባንያውም በኋላ የሞተር ማፈኛ ወደ መሥራቱ አዘነበለ። በአባት ጆሮ ምክንያት ነው ልጁ ይህን የሠራው ለማለት አልደፍርም። ግን ያን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የኮምቦልቻው ጋራዥ ትዝ ይለኛል። እርሱ ማፈኛ ሠራ፤ እኔ የተገኘውን አስተውሁ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሲጎዳም አይናገርም። ሐኪሞች እንደሚሉት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ከሆነ ለጆሮ የመጨረሻው ዳርቻ ነው፤ ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ከአሰብ አዲስ አበባ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው፤ አባቴ ያን መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ ተመላልሶበታል። ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ በ4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው። ወፍ ይጠፋል፤ የሴትና የሕፃን ድምፅ ይደበዝዛል፤ ከቃል ውስጥ ሰ፣ ፈ፣ ተ ይረግፋሉ። ወፍራሙ ስለሚቀር ሰውየው ደኅና የሚሰማ ይመስለዋል፤ ሰው ሁሉ የሚያንሾካሽክበት ይመስለዋል። ታናሽ እህቴ ፈተና ማለፏን ሦስት ጊዜ ነገረችው። ሦስቱንም ጊዜ «እሺ፣ እሺ» አላት። አራተኛ ሳትደግምለት ወደ ጓዳ ገባች። እኛ ሁላችን ያን ዕለት ነው ያወቅነው።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ የእህቴ ልጅ አለ። በዚያም ቱቦውን ቀጥ አድርገው ለደስታቸው የሚያስጮኹ አሉ ይለኛል፤ በሞተር ፍሬን መጠቀም ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ የተከሉ ከተሞችም ብዙ ናቸው። ሕግ ግን ቀድመው አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የጩኸት መቆጣጠሪያ ሕግ፣ ከዚያ ከ1978 ጀምሮ አዲስ ከባድ መኪና ከ83፣ ከ1988 ጀምሮ ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ የሚል ደንብ። ጉዳዩን የያዘው ቢሮ ግን በ1982 በጀት ተነፍጎ ተዘጋ። ጸጥታ መቼም ተከራካሪ አያገኝም።

የአሰብ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ጦርነቱ ሲጀመር ለእኛ ተዘጋ። ኤንትሬው ተሸጠ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ደብረ ሲና ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲሞቅ መዳፉን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ያሳርፋል። ዳገቱን የሚወጣ መኪና ሲኖር በመዳፉ ያውቀዋል፤ ማርሹንም ይናገራል፤ «ይሄ በሦስተኛ ነው» ይላል። ወጥቼ አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በእርግጥ እያዘገመ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ እንዲሁ መዳፉን አሳረፈና ቆየ።

«ማርሚታ አለው?» አለኝ።

«አለው» አልኩት። አልሰማኝም። ራሴን ነቀነቅሁለት።