ሹራ ምክር ቤት ምንድን ነው? ለቤት ሠራተኛስ ምን አመጣ?

እህቴ፣ ማዳም ዜና ስትከፍት «መጅሊስ አሹራ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ሹራ ሪያድ ውስጥ የሚሰበሰብ የሳውዲ ምክር ቤት ነው። ከሰብሳቢው ሌላ 150 አባላት አሉት። አባላቱን ሕዝብ አይመርጣቸውም፣ ንጉሡ ናቸው ለአራት ዓመት የሚሾሟቸው።

እኛ ሀገር ሲቪክስ ላይ የተማርነው የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ ኖሮት ራሱ ሕግ ያወጣል። ሹራ እንደዚያ አይደለም። ረቂቅ ያያል፣ ያስተካክላል፣ ሐሳብ ያቀርባል። ነገሩ ሕግ የሚሆነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ንጉሡ ሲያጸድቁት ነው። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ «ሹራ አጸደቀ» የሚል ስታዪ ወዲያው ማዳም ጋ ሄደሽ መብቴ ነው አትበዪ። የኛን ጉዳይ ተመልከቺ፦ ሹራ ስለ ቤት ሠራተኛ የቀረበውን ረቂቅ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቡን ያጸደቀው ግን ሐምሌ 2013 ነው። አራት ዓመት ሙሉ!

ሴቶች ሹራ የገቡት በዚሁ በ2013 መጀመሪያ ነው። ንጉሥ አብደላ 30 ሴቶችን በአንድ ጊዜ ሾሙ፣ ከመቀመጫውም ከአምስት አንዱ ለሴት እንዲሆን አዘዙ። ከነሱ አንዷ ላቲፋ አል ሻላን የምትባል የሥነ ልቦና ምሁር ናት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከሃያ አል መኒዕና ከሙና አል መሺት ጋር ሆና ሴት መኪና ትንዳ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሐሳቡ ያኔ አላለፈም። ሆኖም ንጉሥ ሰልማን መስከረም 2017 ፈቀዱ፣ ከሰኔ 24 ቀን 2018 ጀምሮ ሴቶች መሪ ጨበጡ።

ይሄ እኛን ምን አገባን እንዳትዪ። ዱሮ ሹፌር ይወስድሽ የነበረበት ቦታ አሁን ማዳም ራሷ ትወስድሻለች። የፈይፋን መንገድ ደሞ ታውቂዋለሽ። ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ዝናብና ጉም ሲመጣ ፊት ያለው የማይታይበት ነው። ከኋላ ብትቀመጪም ቀበቶሽን እሰሪ። ሕፃን ጭንሽ ላይ አድርገሽ አትሂጂ፤ መኪናው ድንገት ቢቆም ክንድሽ አይዘውም። የልጅ መቀመጫ እንዲገዙ ጠይቂ፣ ለልጃቸው ስለሆነ ብዙዎቹ አይቆጡም። አንዳንድ ቤት ደሞ «እስከ ሱቅ ድረስ ንጂልኝ» ማለት ተጀምሯል። የሳውዲ መንጃ ፈቃድ ከሌለሽ እንቢ በዪ። አደጋ ቢደርስ መሪው ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ኮንትራትሽም የሹፌር አይደለም።

በትምህርት በኩል ሹራ ሚያዝያ 2014 በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች ስፖርት ይሰጥ ብሎ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር እንደሚጀመር ያስታወቀው ሐምሌ 2017 ነው። የምታሳድጊያት ልጅ የስፖርት ልብስ ሲታጠብ ከየት እንደመጣ አሁን አወቅሽ።

ለኛ ከሁሉም የሚበልጠው ስለ ትንኮሳ የወጣው ሕግ ነው። ሹራ ግንቦት 2018 አሳለፈው፣ እሱስ ብዙ ሳይቆይ ጸደቀ። ላቲፋም ያኔ ትልቅ ነገር ነው ብላ ደግፋዋለች። ሕጉ በእጅ መንካትን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። የወሲብ ይዘት ያለው ቃል፣ ምልክት፣ በስልክ የሚላክ መልእክትም ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስርና 100,000 ሪያል ሊደርስ ይችላል። ጥፋተኛው በአንቺ ላይ ሥልጣን ካለው ወይም ነገሩ በሥራ ቦታ ከሆነ ደግሞ እስከ አምስት ዓመትና 300,000 ሪያል ነው። አሠሪሽ ሥልጣን ያለው ሰው ነው፣ ቤቱም የሥራ ቦታሽ ነው። ሐሰት የሚከስም ስለሚቀጣ መልእክቱን አታጥፊ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ለምታምኛት ጓደኛ ላኪ።

የ2013ቱ ደንብም በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱን ያወጣው ሚኒስቴሩ ሲሆን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ይሠራል። ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት 24 ሰዓት ሳይቆራረጥ ዕረፍት አለሽ። ፓስፖርትሽን አሠሪ መያዝ አይችልም፣ ለመቀጠር የወጣውን ወጪም ከአንቺ አይቆርጥም። በተግባር ስንት ቤት ይከበራል ካልሽኝ፣ የዕረፍቱ ነገር ገና ነው። ግን የተጻፈ ነገር ስትጠይቂ ልመና አይመስልም።

ለሥራ ቅሬታ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ቤት ውስጥ ድብደባና ጥቃት ካለ 1919 ደውዪ። ለአምቡላንስ 997፣ ለፖሊስ ጂዛን ውስጥ 999። ድንበር አቋርጠሽ ያለ ኢቃማ የምትሠሪ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የሥራው ደንብ ኮንትራትን የተመሠረተ ነው፤ የትንኮሳው ሕግ ኮንትራት ባይጠይቅም ፖሊስ ጋ ስትቀርቢ መጀመሪያ ወረቀትሽን ይጠይቁሻል። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ካልሆነ፣ ብቻሽን ከመሄድሽ በፊት ጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ አነጋግሪ።