በቤርሼቫ ያስተማረው የጥቁር ጉድጓድ ሊቅ



በሃዒር ሃዓቲቃ ዳር ያለውን የአብርሃም ጉድጓድ የማያውቅ የለም። የከተማችን ስም ራሱ ከጉድጓድ የመጣ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ሰማዩ ጥቁር ጉድጓድና እሱን ሲመረምር በዚችው ከተማ 16 ዓመት ስላስተማረ ሰው ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ያዕቆብ ቤከንስታይን ይባላል። ወላጆቹ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁዶች ሲሆኑ፣ እሱ በ1947 ሜክሲኮ ከተማ ተወለደ፤ አሜሪካ ተማረ።

ጥቁር ጉድጓድ ማለት ስበቱ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያስወጣ የሰማይ አካል ነው። የቤከንስታይን መምህር ጆን ዊለር አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ቀለደ፤ ትኩስ ሻይ ከቀዝቃዛ ጋር ሳገናኝ በዓለም ላይ መበታተንን እጨምራለሁ፤ ስኒውን ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ብጥለው ግን ጥፋቴ ይደበቅልኛል። ነገሩን እናቶች በቀላሉ ይረዱታል፤ በርበሬና ጨው አንዴ ከተደባለቀ ማን ለቅሞ ይለየዋል? የዓለም መበታተንም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ተማሪው ቀልዱን ቀልድ ብሎ አልተወውም። በ1972 ጥፋቱ አይደበቅም አለ፤ ጉድጓዱ የዋጠው ሁሉ ገጹን ያሰፋዋል፣ መበታተኑም በገጹ ስፋት ይለካል። ታዋቂው ስቲቨን ሆኪንግ ተቃወመው። እንዲህማ ከሆነ ጉድጓዱ ሙቀት ሊኖረው ነው፣ ሙቀት ካለውም ሊያበራ ነው፣ ይህ ደግሞ አይሆንም ብሎ ነበር። በ1974 ግን ሆኪንግ ራሱ ሲያሰላው ጉድጓዱ በእርግጥም ሙቀት ያወጣል።

ከዚህ ሌላ ነገር ተከተለ። ጉድጓዱ ባነሰ ቁጥር ይሞቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ዓለም ገና ስትፈጠር ትናንሽ ጥቁር ጉድጓዶች ተወልደው ከነበረ፣ አንድ ተራራ የሚያህል ክብደት የነበራቸው፣ ወደ 1 ቢሊዮን ቶን ማለት ነው፣ ማለቂያቸው በኛ ዘመን ይሆናል። ሊቃውንት እስከ ዛሬ እየፈለጓቸው ነው፤ አልተገኙም።

ቤከንስታይን በዚያው በ1974 እንደኛው ኦሌ ሃዳሽ ሆኖ ቤርሼቫ መጣ። በ1969 የተመሠረተው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ያኔ የ5 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከተማዋም የበረሃ ዳር ትባል ነበር። እሱ ግን እስከ 1990 እዚሁ አስተማረ።

እዚህ ሳለም ከባድ ጥያቄ አነሳ። በጋላክሲ ዳር ያሉ ከዋክብት ከሚጠበቀው በላይ ይፈጥናሉ። አብዛኛው ሊቅ የማይታይ ቁስ አለ ይላል። የረሆቮቱ ሞርዴኻይ ሚልግሮም ግን በ1983 ምናልባት የስበት ሕጉ ራሱ መሻሻል አለበት አለ። ቤከንስታይን በ1984 ከሱ ጋር ሐሳቡን በሒሳብ አቆመው፤ በ2004 ደግሞ ከአንስታይን ትምህርት ጋር አስታረቀው። በ2015 ዐረፈ። በ2017 ሁለት የሞቱ ከዋክብት ሲጋጩ የስበት ሞገዱና ብርሃኑ በ2 ሰከንድ ያህል ልዩነት ብቻ ስለደረሱ፣ የ2004ቱ ቀመር እንደተጻፈው ሊቆም አልቻለም። የጥቁር ጉድጓዱ ሥራው ግን በ2012 የዎልፍ ሽልማት አስገኝቶለታል፤ ዛሬም በዓለም ይማሩታል።

ወላጆች ሆይ፣ የተማረ ሁሉ ወደ መሃል አገር ካልሄደ ሰው አይሆንም ሲባል ትሰማላችሁ። ልጆቻችን ግን የሚማሩት እሱ ባስተማረበት ግቢ ነው። በሻባት ማዕድ ላይ ልጅ ያልገባንን ነገር ሲጠይቅ ዝም በል አንበለው። እስኪ አስረዳኝ እንበለው።