የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ ዘመናችን

ግዕዝን በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው ያስታወቀው መዝገበ ቃላት የተገኘው በጥያቄና በመልስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1649 ዓ.ም. የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በሮማ ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አገኛቸው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ስላስጠራቸው ወደ ጀርመን ተሻገሩ፤ በዚያም ሉዶልፍ ሲጠይቅ እርሳቸው ሲመልሱ ሰነበቱ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ዐረፉ። ስለዚህ መዝገቡ በ1661 በታተመ ጊዜ ሉዶልፍ የሚጠይቀው መምህር አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ አውጉስት ዲልማን በ1865 በላይፕዚግ የሚበልጠውን መዝገብ በላቲን ፍቺ አሳተመ። ሥራው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን የታተመ ገጽ ቢጠይቁት አይመልስም፤ ቢስትም ራሱን አያርምም።

በአገራችን ግን ነገሩ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖረ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፉት፤ እርሳቸውም ካረፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ጠብቀው በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2019 ባለው ጊዜ፣ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት የዲልማን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። አሁን አንባቢው ቃሉን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ይፈልጋል፤ ፍቺው ከነምስክሩ ይገለጥለታል፤ ዲልማን ያላየው ቃልም ይታከልበታል። በ2016 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ሥራ ደግሞ የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር ለሁሉ ከፍቷል።

የግዕዝ እኅት ለሆነችው ለዓረብኛም እንዲሁ ተደክሟል። በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች፣ በሻርጃ፣ የዓረብኛ ታሪካዊ መዝገበ ቃላት በ2024 በ127 ቅጽ ተፈጽሟል፤ በኢንተርኔትም ይነበባል። ያን ሥራ ያደረሱት ቋንቋውን የሚናገሩት የዓረብ አገሮች ሊቃውንት በአንድነት ተሰብስበው ነው።

ይህ ለግዕዝ ሊቃውንት ትምህርት ነው። መኪናው የተጻፈለትን ፈጥኖ ያሳያል እንጂ የቅኔ ቤቱን ምሥጢር ከራሱ አያመነጭም። የሉዶልፍ መዝገብ አባ ጎርጎርዮስን እንደ ፈለገ፣ የዛሬውም ገጽ ተጠይቆ የሚመልስ፣ ስሕተቱንም የሚያቀና መምህር ይፈልጋል።